ባሕር ዛፍ የወደቀበት ቮልስ

ዛፉ የወደቀው በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ግቢውን ያናወጠ ድምፅ ሰማሁ። ባትሪ ይዤ ስወጣ የጎረቤታችን ባሕር ዛፍ ከነሥሩ ተነቅሎ የአጎቴ ቮልስዋገን ላይ ተጋድሟል። ጣራው ከመሪው ጋር ተገናኝቷል። የፊት ምሰሶዎቹ እንደ ሽቦ ታጥፈዋል። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ በሩ ላይ ቆማለች። "ሰው የለበትም አይደል?" አለችኝ። ሰው አልነበረበትም። እግዚአብሔር ይመስገን።

መኪናው እ.ኤ.አ. የ1967 ሞዴል ነው። አጎቴ መምህር ነበር፤ ለብዙ ዓመት ቆጥቦ ነው የገዛው። እኔንና እህቴን ትምህርት ቤት የሚያመላልሰን በሱ ነበር። ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠን ሞተሩ ከጀርባችን ሲንደቀደቅ እንቅልፍ ይወስደናል። አጎቴ ካረፈ በኋላ እናቴ ናት የያዘችው። መንዳት አትችልም፤ ግን በየቅዳሜው ጨርቅ ነክራ ትወለውለው ነበር።

"ለምናለሽ ተራ የአሮጌ ብረት ሰዎች ስጣቸው፣ በኪሎ ይወስዱታል" ያለኝ ሰው ብዙ ነው። ክፉ ምክር አልነበረም። ጣራው የተጨፈለቀና ምሰሶው የተሰበረ ቦዲ ተመልሶ አይቃናም። በበሮቹ ሥር የሚያልፉት የጎን ቦዮችም ድሮውኑ በዝገት ተበልተው ነበር። ከሥሩ ገብቼ ሳየው ግን ወለሉና ሻንሲው ምንም አልሆኑም። ሐሳቡ የመጣልኝ እዚያው ጭቃ ላይ እንደተኛሁ ነው። ይህን ቦዲ አውልቄ ሌላ እሠራለታለሁ። ዝቅ ያለ፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ፣ የስፖርት መኪና።

ሥራዬ የብረት በርና መስኮት ነው። ኮተቤ ትንሽ ወርክሾፕ አለኝ። ላሜራ መቁረጥ፣ ቱቦላሬ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) መበየድ፣ ስኳድራ (የማዕዘን መለኪያ) መያዝ እችላለሁ። መኪና ግን ሠርቼ አላውቅም ነበር። ይህን የምጽፈው እንደኔ ብረት ሠራተኛ ሆኖ "እኔም እሞክር ይሆን?" የሚል ሰው ካለ፣ የት የት ላይ ብዙ ጊዜ እንደወሰደብኝ እንዲያውቅ ነው። ከሁሉም በላይ ስለ ጣራው አጥንት መናገር እፈልጋለሁ። ሁለት ጊዜ የሠራሁት እሱን ነው።

ቮልስ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ቦዲውና ወለሉ በብየዳ አልተያያዙም። ዙሪያውን በብሎን ነው የታሰሩት። ብዙዎቹ በ13 ቁልፍ ይፈታሉ። ብሎኖቹ ከወጡ በኋላ ስምንት ጎረምሳ ሆነን ቦዲውን አንስተን ጎን አስቀመጥነው። የቀረው ወለል፣ መሃሉ ላይ እንደ አከርካሪ የሚሄድ ቦይ፣ ፊትና ኋላ ጎማ፣ ኋላ ደግሞ በአየር የሚቀዘቅዘው ሞተር ነው። መሪውን ይዞ ሳጥን ላይ የተቀመጠ ሰው እንደዚያው ሊነዳው ይችላል።

ይህን መጀመሪያ ያሰብኩት እኔ አይደለሁም። ፖርሽ ራሱ የጀመረው እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ግሙንድ በምትባል የኦስትሪያ መንደር፣ የእንጨት መሰንጠቂያ በነበረ ቤት ውስጥ፣ ከቮልስዋገን በተወሰዱ ዕቃዎች ላይ የአልሙኒየም ቦዲ በእጅ እየቀጠቀጡ አለበሱ። በ1955 ካርማን ጊያ የሚባለው መኪና መጣ፤ እሱም የቮልስ ወለል ጎኑ ሰፍቶ ነው። በ1960ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ ብሩስ ማየርስ የቮልሱን ወለል አሳጥሮ የአሸዋ ላይ መኪና ሠራበት። በየአገሩ ሰው ይህን ወለል አይቶ "በላዩ ምን ልሥራ?" ብሏል። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው።

አንድ ነገር ግን ማወቅ ያስፈልጋል። ቦዲው ሲወጣ ወለሉ ብቻውን ደካማ ነው። ጥንካሬው የነበረው ከላይ ካለው ቦዲና ከጎን ቦዮቹ ጋር ሲተባበር ነው። እነዚያ ቦዮች የሞተሩን ሙቀት ወደ ፊት ያመጣሉ፤ በዚያው ወለሉን እንደ ማገር ይይዛሉ። ቦዮቹ ከቦዲው ጋር አብረው ይወጣሉ። ጣራው የሚታጠፍ ቮልስ እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ ሲሠራ ቦዲ ሠሪው ካርማን ጎኖቹን ያጠነከራቸው ለዚህ ነው። ጣራ መሸፈኛ ብቻ አይደለም። የመኪናውን ወገብ የሚይዘውም እሱ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ያደረግሁት ወለሉን ማስተካከል ነው። ስድስት ቦታ ላይ በብሎኬትና በእንጨት ደገፍኩት። ከዚያ ግንበኞች የሚጠቀሙበትን ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ውሃ ሞልቼ ስድስቱንም ቦታ አንድ ልክ አደረግሁ። የሲሚንቶው ወለል ጠማማ ነበር፤ ውሃ ግን ጠማማ አያውቅም። ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል በግራም በቀኝም ለካሁ። 2400 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። በግራ 2401፣ በቀኝ 2399 አገኘሁ። በጣም ደስ አለኝ። ዛፉ ሻንሲውን አልነካውም ማለት ነው።

በበሰበሱት ቦዮች ፋንታ በየጎኑ 100 በ50 የሆነ ባለ 2 ሚሊ ቱቦላሬ አስገባሁ። በሜትር አራት ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል። ይከብዳል፤ ግን ከታች ያለ ክብደት ለስፖርት መኪና ብዙ አይጎዳም። የሚጎዳው ከላይ ያለው ክብደት ነው። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ወለሉ ከተስተካከለ በኋላ ወዲያው ወደ ላሜራ መሮጥ አምሮኝ ነበር። ያስቆሙኝ ጋሼ ናቸው። ጋሼ ለረጅም ዘመን ባትላሜራ (የመኪና ቦዲ ቅጥቀጣ) የሠሩ፣ አሁን ጡረታ ላይ ያሉ የሠፈራችን ሰው ናቸው። መኪናውን ዞረው ዞረው አዩና "መስታወቱ የታለ?" አሉኝ።

"መስታወት መጨረሻ ላይ ነው ጋሼ።"

"አይደለም ልጄ። መስታወት አንተ አትሠራም። የማትሠራውን መጀመሪያ አምጣ። የምትሠራውን በሱ ልክ ሥራ።"

ይህን ምክር ለማንም አልደብቅም። የፊት መስታወት ሁለት ሉህ ነው፤ መሃሉ ላይ የፕላስቲክ ሽፋን አለ። ጎበጥ ያለውን እንዳሻህ መቁረጥ አትችልም። የጎን መስታወት ደግሞ በሙቀት የጠነከረ ስለሆነ ጭራሽ አይቆረጥም፤ ልትቆርጠው ብትሞክር ተንኮታኩቶ ጠጠር ይሆናል። ስለዚህ የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱማሌ ተራ ሄጄ የዲኤክስ ኮሮላ የፊት መስታወት ከነጎሚኒው፣ ማለትም ዙሪያውን ከሚይዘው ላስቲክ ጋር ገዛሁ። ዲኤክስን የመረጥኩት ነገ ቢሰበር ሌላ ስለማገኝ ነው። መኪናው የአንድ ቀን ጌጥ እንዲሆን አልፈልግም። እናቴን ይዞ ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲወጣ ነው የምፈልገው።

መስታወቱን ሁለት የእንጨት እግር ላይ አጋድሜ በትክክለኛው ቦታ አቆምኩት። ከዚያ ቅርጹን በ6 ሚሊ ፌሮ መሳል ጀመርኩ። ወረቀት ላይ የሣልኩት ነበረኝ፤ ግን ወረቀት ላይ ያማረ መስመር በአካል ሲቆም ሌላ ነው። ከፊት መብራት ተነስቶ በበሩ ላይ አልፎ ኋላ የሚወርደውን መስመር ስንት ጊዜ እንዳጠፍኩትና እንደፈታሁት አላስታውስም። ማታ ማታ አምፖሉን መሬት ላይ አድርጌ ግድግዳው ላይ ጥላውን አየዋለሁ። ጥላ አይዋሽም። ፌሮው የት ላይ እንደጎበጠ፣ የት ላይ እንደሰነፈ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ደግሞ ከመኪናው አጠገብ ቆሞ መፍረድ አይቻልም። እስከ አጥሩ ድረስ መራቅ አለብህ።

አንዱን ጎን ከጨረስኩ በኋላ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ የካርቶን ልክ ቆረጥኩ። ያንኑ ካርቶን ገልብጬ በሌላኛው ጎን ተጠቀምኩ። መሃሉ ላይ ከፊት እስከ ኋላ ሲባጎ ወጥሬ በቱምቢ ወደ ሻንሲው ቦይ አወረድኩት። ማንኛውም ልኬት ከዚያ ሲባጎ ይነሳል። ከቦዲው ላይ ተነስቼ አልለካም። ቦዲው ራሱ ከተሳሳተ ስህተቱን ተሸክሞ ይሄዳል።

ወደ ጣራው እንምጣ።

የመጀመሪያውን የጣራ አጥንት የሠራሁት እንደ ውጭ በር ነው። የለመደ እጅ የለመደውን ይሠራል። 40 በ40 ቱቦላሬ ገዛሁ። ለመታጠፊያው በሲጌቶ (በብረት መጋዝ) እየበጣሁ አጠፍኩና በየድኩት። የፊት ሁለት ምሰሶ፣ ከመስታወቱ በላይ የሚያልፍ አግዳሚ፣ በጎንና በጎን ሁለት፣ ከመቀመጫው ጀርባ አንድ ቅስት። በሁለት ቀን አለቀ። ከሩቅ ሲታይ ያምራል። ግራውን በኩል ጀምሬ እስከ መጨረሻው በየድኩ፤ ከዚያ ወደ ቀኝ ዞርኩ። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው።

ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። አንድ ሜትር ብረት በ100 ዲግሪ ሲሞቅ 1.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይጨምራል። ብየዳ ደግሞ ከ100 ዲግሪ እጅግ ይበልጣል። የቀለጠው ብረት ሲቀዘቅዝ ይሰበሰብና አጠገቡ ያለውን ይስባል። በር ላይ ይህ ሲሆን በማጠፊያው ታስተካክለዋለህ። መኪና ላይ ግን አንዱን ጎን ሙሉ በሙሉ ከበየድክ ሌላው ጎን ገና ልቅ ስለሆነ ሁሉም ነገር ወደ አንድ ወገን ይዞራል። የመስታወቱን ክፍተት ከማዕዘን ማዕዘን በሰያፍ ስለካ በሁለቱ መካከል የ9 ሚሊ ልዩነት አገኘሁ።

ዘጠኝ ሚሊ። ለበር ምንም አይደለም። ጎሚኒው ይውጠዋል ብዬ አሰብኩ። መስታወቱን አስገባሁት። ገባ። ሁለት ቀን ቆየ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወርክሾፑን ስከፍት ከግራ ታችኛው ማዕዘን የተነሣ ስንጥቅ እስከ መሃል ደርሷል። ማንም አልነካውም። ጠማማው ክፈፍ ቀስ ብሎ ጨምቆ ሰበረው። የሁለት ወር ቁጠባዬ ነበር። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ብዙ ቆየሁ።

ጋሼ መጥተው አዩት። አልተቆጡም። መዳፋቸውን የጣራው አግዳሚ ላይ አድርገው ወደ ታች ጫን አሉና "ይሄን ከላይ የጫንክለት ለማን ነው?" አሉኝ። አልገባኝም። "ስንት ኪሎ ነው?" አሉ። አሰላሁት። 11 ሜትር ቱቦላሬ፣ በሜትር 2.4 ኪሎ። ከላሜራው በፊት 26 ኪሎ የሚሆን ብረት ከጭንቅላት በላይ ሰቅያለሁ። መኪናው ኩርባ ላይ ሲታጠፍ ያ ክብደት ወደ ውጭ ይጎትተዋል። "ጣራ ቀላል ይሁን፣ ግን እንዳይታጠፍ" አሉኝ። እንዴት ሁለቱ አንድ ላይ ይሆናሉ? መልሱ ክብ ቧንቧ ነው።

በግራይንደር ቆረጥኩት። የደከምኩበትን ነገር በገዛ እጄ ስቆርጥ ሆዴ ባባ። ግን አንድም ቀን አልቆጨኝም።

ስለዚህ ነገር ሳነብ ሚላኖ የነበረውን የቱሪንግን ቤት አገኘሁ። እ.ኤ.አ. በ1926 የተቋቋመ ቦዲ ሠሪ ነው። "ሱፐርሌጄራ" የሚሉት አሠራር ነበራቸው፤ "እጅግ ቀላል" ማለት ነው። ቀጫጭን የብረት ቧንቧዎችን በመኪናው ቅርጽ ልክ ይበይዱና ከላዩ ስስ አልሙኒየም ያለብሳሉ። ክብደቱን የሚሸከመው ቧንቧው ነው፤ አልሙኒየሙ ቆዳ ብቻ ነው። አስተን ማርቲን በ1958 ዲቢ 4ን ያወጣው ከነሱ ፈቃድ ወስዶ በዚህ አሠራር ነው። ብረትና አልሙኒየም ተነካክተው እርጥበት ሲያገኛቸው ስለሚበላሉ በመካከላቸው ጨርቅ ያደርጉ ነበር። ይህን ሳነብ ጋሼ ትዝ አሉኝ። እሳቸው የሚላኖን ቤት አያውቁም። ግን ላሜራ፣ ባትላሜራ፣ ፓራፋንጎ (የጎማ መከለያ)፣ ኮፋኖ የምንላቸው ቃላት ከጣሊያን የመጡ ናቸው። ሙያውም ከቃሉ ጋር ከእጅ ወደ እጅ ሲሻገር እሳቸው ጋ ደርሷል።

ለሁለተኛው አጥንት 30 ሚሊ ክብ ቧንቧ፣ ግድግዳው 2 ሚሊ የሆነ ገዛሁ። በሜትር 1.4 ኪሎ ገደማ ነው። ከመቀመጫው ጀርባ ላለው ቅስት ብቻ ወፍራሙን፣ 42 ሚሊ ጥቁር ቧንቧ መረጥኩ። እሱ መኪናው ቢገለበጥ የሰውን ጭንቅላት የሚያድን ነው፤ እዚያ ላይ ኪሎ አልቆጠብኩም። እግሩንም ላሜራ ላይ አላሳረፍኩም። በጎን ካለው ቱቦላሬ ላይ፣ ከሥሩ ወፍራም ሳህን አድርጌ ነው የበየድኩት።

ዚንክ የተቀባ የውሃ ቧንቧ እንዳትጠቀሙ። ርካሽ ነው፤ በየቦታው ይገኛል። ግን ሲበየድ ነጭ ጢስ ያወጣል፤ ጢሱ መርዝ ነው። ማታ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ይልሃል። ብዙ በያጅ ወተት ጠጥቶ ይሠራል። ወተት ጥሩ ምግብ ነው፤ ከሳንባ ውስጥ ጢስ ግን አያወጣም። ጥቁሩን ቧንቧ ግዙ፣ በር ክፈቱ።

ቧንቧውን ያጠፍነው በአሸዋ ነው። ባዶውን ብታጥፈው መሃሉ ይጨፈለቃል። ስለዚህ አሸዋ ሞልተህ፣ እየመታህ ጠቅጥቀህ፣ ሁለቱን ጫፍ በእንጨት ትደፍናለህ። አሸዋው ደረቅ መሆን አለበት። ጋሼ በብረት ምጣድ አስቆሉኝ። እርጥበት ካለው ሲሞቅ እንፋሎት ይሆንና ቡሹን እንደ ጥይት ያወጣዋል። የቧንቧው ስፌት ደግሞ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም ሳይሆን ወደ ጎን ይዙር፤ በመታጠፊያው ውጭ በኩል ከሆነ ሊተረተር ይችላል። በአሴቲሊን ቀስ እያልን እያሞቅን በጠመኔ መሬት ላይ ከሣልነው ቅስት ጋር እያስተያየን አጠፍን። እሳቸው እሳቱን ያዙ፤ እኔ ሳብኩ። የመጀመሪያውን ቅስት ለመጨረስ ከጠዋት እስከ ምሳ ፈጀብን። ካርቶኑን ስናስጠጋው ግን መሃሉ ብርሃን አያሳልፍም።

ብየዳው ላይ ሁለት ነገር ቀየርኩ። መጀመሪያ ሁሉንም ነጥብ ነጥብ ብቻ አያያዝኩ። ከመስታወቱ ክፍተት ማዕዘን ወደ ማዕዘን ሁለት ሰያፍ ብረት ለጊዜው በየድኩ። ከዚያ በ2.5 ኤሌክትሮድ ሦስት ሳንቲ ሜትር በግራ፣ ሦስት ሳንቲ ሜትር በቀኝ፣ ከዚያ ፊት፣ ከዚያ ኋላ። በየመሃሉ ቆሜ እጄ እስኪችለው ድረስ አቀዘቅዛለሁ። በውሃ አይደለም፤ በትዕግሥት። ሁለት ቀን የነበረው ሥራ ዘጠኝ ቀን ሆነ። ሰያፎቹን ስለካ ልዩነቱ አንድ ሚሊ ነው። አምስት ጊዜ ለካሁት። እህቴን ጠርቼ እሷም ለካች።

የጣራ ጥንካሬ ነገር ይከነክነኝ ነበር። ዛፉን አይቻለሁ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የመኪና ጣራ በአንድ ጎኑ የመኪናውን ባዶ ክብደት አንድ ተኩል እጥፍ እንዲሸከም ሕግ ወጥቷል። በ2009 ደግሞ ለቀላል መኪኖች ወደ ሦስት እጥፍ ከፍ አድርገውታል። እኔ እንዲህ ዓይነት መፈተኛ የለኝም። ያደረግሁት ይህ ነው። ስምንት ከረጢት ሲሚንቶ፣ 400 ኪሎ፣ አጥንቱ ላይ ሳንቃ ዘርግቼ ጫንኩበት። ከሥሩ ሲባጎ ወጥሬ ነበር። መሃሉ 4 ሚሊ ወረደ። ሲሚንቶው ሲነሣ ወደ ቦታው ተመለሰ። ይህ የመገልበጥ ፈተና አይደለም። መኪና ሲገለበጥ ኃይሉ ከጎን፣ በሰያፍ፣ በአንድ ጊዜ ነው የሚመጣው። ግን ከረጢቶቹ ወርደው ሲባጎው ተመልሶ ቧንቧውን ሲነካ እፎይ አልኩ።

ላሜራውን በ1 ሚሊ ነው ያለበስኩት። አንድ ሉህ፣ አንድ በሁለት ሜትር፣ 16 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የጣራው ቆዳ ከፊት ወደ ኋላም፣ ከግራ ወደ ቀኝም መጉበጥ አለበት። በአንድ በኩል ብቻ ማጉበጥ ቀላል ነው፤ ማንም በጉልበቱ ላይ ያጎብጠዋል። በሁለቱም በኩል ሲሆን ግን ላሜራው መሃሉ ላይ መለጠጥ ይፈልጋል። ለዚህ የሚመታበት ግንድ ያስፈልጋል። ያ የወደቀው ባሕር ዛፍ ተቆራርጦ አጥር ሥር ተከምሮ ነበር። ከወፍራሙ ወገን 70 ሳንቲ ሜትር ቆርጬ አቆምኩትና አናቱን እንደ ጎድጓዳ ሳህን ፈለፈልኩት። መዶሻው ወይራ ነው፤ ጋሼ ከወጣትነታቸው ጀምሮ የያዙት፣ ጫፉ እንደ እንቁላል የተሞረደ።

ስትመታ አትቸኩልም፤ በኃይልም አትመታም። ከመሃል ትጀምርና እየዞርክ ወደ ውጭ ትሄዳለህ። ድምፁ ሲቀየር ታውቃለህ። ላሜራው ግንዱን በደንብ ሲነካ ድፍን ያለ ድምፅ አለው፤ ክፍተት ሲኖር ይጮሃል። ጋሼ ጀርባቸውን ሰጥተው ሻይ እየጠጡ "እዚያ ጋ ተመለስ" ይሉኛል። ሳያዩ።

አንድ ቦታ ላይ ከመጠን በላይ ለጠጥኩት። ጣራው ስትጫነው ገባ ይልና ስትለቀው ተመልሶ ይዘላል። መዶሻ አያድነውም፤ ይባስ ይለጥጠዋል። መፍትሔው እሳት ነው። የብር ሳንቲም የምታህል ቦታ በአሴቲሊን እስክትቀላ ታሞቃለህ፣ ዙሪያዋን በቀስታ ትመታለህ፣ ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ ትነካታለህ። ብረቱ ይሰበሰባል። አስራ አንድ ነጥብ ያህል አድርጌ ዝላዩ ጠፋ። በዚያን ቀን ማታ እራት እንኳን ሳልበላ ነው የተኛሁት፤ ደስታው አጠገበኝ።

በቧንቧውና በላሜራው መካከል ከአሮጌ የጎማ ውስጥ ላስቲክ የቆረጥኩትን ጥብጣብ አደረግሁ። እኔ ጋ ሁለቱም ብረት ስለሆኑ እንደ ሱፐርሌጄራው አይበላሉም። ግን በቀጥታ ከተነካኩ መንገድ ላይ ይንጫጫሉ፤ በመካከላቸው የገባ ውሃም መውጫ አጥቶ ያዝጋል። ዳር ዳሩን ብቻ በጋዝ ብየዳ አያያዝኩት።

የላሜራን ጉድጓድ በሚሞላው ስቱኮ ላይ ጋሼ ጨካኝ ናቸው። "ከሦስት ሚሊ በላይ ከገባ ቁስሉን ሸፈንከው እንጂ አላዳንከውም" ይላሉ። ማግኔት ይዘው ይዞራሉ። ማግኔቱ ሳይዝ ሲቀር ስቱኮው ወፍራም ነው ማለት ነው፤ እንድፍቀው ያዙኛል። አሮጌ መኪና የምትገዙ ሰዎች ይህን ማግኔት ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ። ፓራፋንጎና የበር ሥር ላይ ሞክሩት። ሻጩ የማይነግራችሁን ይነግራችኋል።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ መኪና ወደ አገር ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ "ለምን በኤሌክትሪክ አትሠራውም?" የሚለኝ ሰው በዝቷል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሞተሩ ከኋላ በአራት ብሎን ነው ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው፤ ወደፊት ሊቀየር ይችላል። አሁን ግን የአጎቴ ሞተር ይነሣል፤ ድምፁንም እናቴ ታውቀዋለች። ቦታው ላይ ይቆያል።

ባለፈው ቅዳሜ ሁለተኛውን መስታወት አስገባን። ጎሚኒው በመስታወቱ ዙሪያ ይገባል። ከዚያ በውጭ በኩል ባለው ጎድጓዳ ጠንካራ ሲባጎ ዙሪያውን ታስገባለህ፤ ሁለቱ ጫፍ ታች መሃል ላይ ይገናኛል። የሳሙና ውሃ ትቀባዋለህ። መስታወቱ ከውጭ ክፈፉ ላይ ይቀመጣል፤ የሲባጎው ጫፍ ወደ ውስጥ ይገባል። አንድ ሰው ከውጭ በመዳፉ ይጫናል፤ አንዱ ከውስጥ ሲባጎውን ቀስ ብሎ ይስባል። ሲባጎው ሲወጣ የጎሚኒውን ከንፈር በክፈፉ ላይ ያገላብጠዋል።

ጋሼ ከውጭ ሆኑ። እኔ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ሳብኩ። ከንፈሩ ጠብ፣ ጠብ እያለ በክፈፉ ላይ ይቀመጣል። ግራው ታችኛ ማዕዘን ስደርስ ቆምኩ። የመጀመሪያው የተሰነጠቀው እዚያ ነበር። ጋሼ በመስታወቱ ውስጥ አዩኝና በራሳቸው ምልክት ሰጡኝ። ሳብኩት። ተገላበጠ። ዙሪያውን ጨርሼ ሲባጎው እጄ ላይ ቀረ።

ሳምንቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ወርክሾፑን ስከፍት መጀመሪያ የማየው ያንን ማዕዘን ነበር። ምንም የለም። ዛሬ እናቴን አመጣኋት። በር ስለሌለው በጎኑ በኩል ደግፌ አስገባኋት። ተቀምጣ እጇን ወደ ላይ ሰደደችና የጣራውን ቧንቧ ይዛ ነቅነቅ አደረገችው። ምንም አላለችም። ጥቂት ቆይታ የነጠላዋን ጫፍ ይዛ የመስታወቱን ውስጥ መወልወል ጀመረች።

እሷ ከወጣች በኋላ በቱቦ ውሃ ለቀቅሁበት። አስር ደቂቃ ያህል። ከቀኝ በላይኛው ማዕዘን፣ አግዳሚው ከምሰሶው ጋር በሚገናኝበት፣ አንድ ጠብታ ገባች። ከዚያ ሌላ። ቦታውን በጠመኔ አከበብኩት። ነገ ጠዋት ጋሼ ሲመጡ ጎሚኒውን እዚያ ጋ አንስተን እናየዋለን። ከዚያ ወደ በሮቹ።